ስለ ራዲዮ አዳፕተር አመራረጥ

በአሜሪካ አገር የሚኖሩ ልጆችና ወንድሞች ለቤተ ሰቦቻቸው ራዲዮ ገዝተው መላካቸው የተለመደ ነገር ነው። ስጦታው ሲደርስ ቤተ ሰቡ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ራዲዮውም እየተገላበጠ ይታያል። ነገር ግን ከእርሱ ጋራ ተጠቅልላ የመጣችውን ጥቁር ዕቃ፤ ይኸውም አዳፕተር የምትባለውን፤ ልብ ብሎ የሚመረምራት ጥቂት ነው። እኛም ሳንመረምራት ቀርተን ተጸጽተናል። ጠፍጣፋውን ስፒና ከአገራችን ሶኬት ጋራ በሚያስማማ ማገናኛ አድርገን ብንሰካው፤ ራዲዮው አንድ ቃል ሳይናገር የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። እኅታችን «ድምፁ እንዴት ነው?» ብላ በጠየቀችን ጊዜም የምንመልሰው ቃል አጣን።

በአሜሪካ በየቤቱ የሚገባው ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፤ በኢትዮጵያ ግን 220 ቮልት ነው። ማገናኛው የስፒናውን መልክ ያስማማል እንጂ ቮልቱን አይቀንስም። ስለዚህ ለ120 ብቻ የተሠራው አዳፕተር እጥፍ ለመሆን ጥቂት የቀረው ኀይል ወረደበት።

እንግዲህ በአዳፕተሩ ጀርባ በደቂቅ ፊደል የተጻፈውን ሳያነቡ መሰካት አይገባም። «ኢንፑት» በሚለው ቃል አጠገብ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ቢገኝ በሁለቱም አገር ይሠራል። «አውትፑት» በሚለው አጠገብ ያለው ቮልት ደግሞ ራዲዮው ከሚጠይቀው ጋራ እኩል መሆን አለበት፤ 6 ቮልት ለሚሻ ራዲዮ 9 ቮልት መስጠት ለጥፋት ነው። የአምፔሩ ነገር ግን ሌላ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ራዲዮው የሚስበው የሚበቃውን ያህል ብቻ ነውና፤ 300 ሚሊ አምፔር ለሚሻው 1000 የሚችል አዳፕተር ቢሰጡት አይጎዳም፤ ከሚሻው ያነሰ ቢሆን ግን አዳፕተሩ ከመጠን በላይ ይግላል። የጫፉም የመደመርና የመቀነስ ምልክት በራዲዮው ላይ ከተሣለው ጋራ ይመሳከር። ጫፉ ልክ ስለ ገባ ብቻ ተስማማ ማለት አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን በየመንገዱ የሚሸጠው እጅግ ርካሹ ነው። በደኅና አዳፕተር ውስጥ 220 ቮልት የሚገባበት ወገንና ወደ ራዲዮው የሚወጣበት ወገን በሚገባ ተራርቀውና ተጋርደው ይሠራሉ። በክፉው ግን ይቀራረባሉ፤ መጋረጃው በተበላሸ ጊዜ የግድግዳው ኤሌክትሪክ በቀጭኑ ሽቦ አልፎ ልጆች እስከሚነኩት የራዲዮ ብረት ድረስ ሊደርስ ይችላል። በካሬ ውስጥ ካሬ የሆነው ምልክት ድርብ መከላከያ አለው ማለት ነው፤ ሆኖም አስመሳዮች ይህንኑ ስለሚያትሙት፤ እኛ ከምልክቱ ይልቅ ራዲዮውን የሠራው ድርጅት ያዘዘውን ዐይነት እንመርጣለን።

አጭር ሞገድ ለሚያዳምጡ አንባቢዎቻችን ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ቀላሎቹ አዳፕተሮች ብዙ ጊዜ በራዲዮው ውስጥ የሚያንጫርር ድምፅ ያሰማሉ፤ በብረትና በመዳብ ሽቦ የተሠሩት ከባዶቹ ግን ጸጥተኞች ናቸው። ድምፁ በባትሪ ድንጋይ ሲሠራ ከጠፋ፤ ጥፋቱ የአዳፕተሩ መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

እኅታችን ሁለተኛ ራዲዮ ላከችልን። በዚህ ጊዜ መነጽር አድርገን አነበብን፤ ከ100 እስከ 240 ይላል። ቀን በኤሌክትሪክ እናዳምጠዋለን፤ ማታ የሩቅ ጣቢያ ስንሻ ግን ስፒናውን ነቅለን ድንጋይ እንጨምርበታለን።