«ቤተ ክርስቲያን ሥራ ማገናኛ አይደለችም» ለምትሉን

ወገኖቼ፣ ጽሑፉ ረጅም ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የምትቆጡም ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ተቆጡ።

ሰሞኑን ለደብራችን ሰበካ ጉባኤ አንድ ጥያቄ አቅርበን ነበር። (ደብሩን በስም አልጠራም። እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ካሉት አንዱ ነው፤ ነገሩም የአንድ ደብር ብቻ አይደለም።) ጥያቄያችን ይህች ናት፦ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከአዳራሹ ጎን ካሉት ክፍሎች አንዷን ለሁለት ሰዓት ስጡን። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሪንተር። አዲስ ለመጣና ሥራ ለሚፈልግ ሰው ሪዙሜ እንጽፋለን፣ የሥራ ማመልከቻ እናስሞላለን፣ በእንግሊዝኛ የመጣለትን ደብዳቤ እናነብለታለን። ከማንም ብር አንቀበልም፤ ከደብሩም አንፈልግም። የተሰጠን መልስ «ቤተ ክርስቲያን የሥራና ሠራተኛ ማገናኛ አይደለችም፤ የጸሎት ቤት ናት» የሚል ነው።

እሺ፣ የጸሎት ቤት ናት። ማን ካደ? ግን ዲያቆን የሚለው ስም ከየት መጣ? ቃሉ ግሪክኛ ነው፤ አገልጋይ ማለት ነው። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አውጡና እዩት። ኢየሩሳሌም ውስጥ በየዕለቱ ከሚታደለው ምግብ ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች እየተዘለሉ ነው ተብሎ ቅሬታ ተነሣ። ልብ በሉ፣ የተዘለሉት ቋንቋቸው ከቤቱ ሰው የተለየው ናቸው። ለዚያ ቅሬታ መልስ ሆነው ነው ሰባቱ የተመረጡት። ከሰባቱ ቀዳሚው ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። በየዓመቱ ጥቅምት 17 ሹመቱን እናከብራለን፣ ሊቀ ዲያቆናት እንለዋለን፣ ከበሮ እንመታለን። የተሾመበትን ሥራ ግን «የኛ አይደለም» እንላለን።

«ሐዋርያት እኮ ቃሉን ትተን ማዕድ ልናገለግል አይገባም ብለዋል» የሚል ተከራካሪ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ልክ ነው፣ ብለዋል። ስለዚህ ሌላ ሰው ሾሙ እንጂ መበለቶቹን «ሂዱ ወደየቤታችሁ» አላሏቸውም። እኛም ቀሳውስቱ ሪዙሜ ይጻፉ አላልንም። አባቶች ይቀድሱ፣ ያስተምሩ፤ ክፍሏን ብቻ ይክፈቱልን።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን ዛሬም ሥራ ታገናኛለች። የምታገናኘው ግን ፓርኪንግ ላይ ነው። ቅዳሴ አልቆ ሰው ሲወጣ መኪናው አጠገብ ቆሞ «እኛ ጋራዥ አንድ ሰው ይፈልጋሉ»፣ «ሆቴሉ የማታ ሰው እየቀጠረ ነው»፣ «አንዲት አሮጊት የሚጠብቅ ሰው ይፈልጋሉ» ይባባላል። ጥሩ ነገር ነው፤ ስንቱ ሰው እንዲህ ነው እንጀራውን ያገኘው። ነገር ግን ይህ ወሬ የሚደርሰው ዘመድ ላለው፣ አብሮ አደግ ላለው፣ ከአንድ ሰፈር ለመጣ ነው። ማንም የማያውቀው ሰው ነጠላውን አጣጥፎ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሟል። እዚያው ፓርኪንግ ላይ ደግሞ «ወረቀትህን እኔ እጨርስልሃለሁ» የሚለውም አለ። ጠበቃ አይደለም፣ ቢሮ የለውም፣ ደረሰኝ አይሰጥም። ለአሥር ሰው አንድ ዓይነት የጥገኝነት ታሪክ ይጽፋል፤ ስሙንና ከተማውን ብቻ ይቀያይራል። ችግር ሲመጣ ስልኩ አይነሳም። የኛን ጠረጴዛ ስትከለክሉ የሱን ጠረጴዛ ፈቀዳችሁ ማለት ነው።

አንድ ወንድማችን 14 ወር ሙሉ እሑድ ቀርቶ አያውቅም። አገር ቤት የሂሳብ መምህር ነበር። «መጀመሪያ ሥራ ያዝና ተረጋጋ፣ ለጥገኝነቱ ትደርስበታለህ» ብሎ የመከረው ሰው ነበር፤ ክፉ አስቦ አይመስለኝም። የአሜሪካ ሕግ ግን ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው አገሩ በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከቻውን እንዲያስገባ ያዛል። ያ ቀን ካለፈ ለየት ያለ ምክንያት ማሳየት ይጠበቅበታል፤ በሩ ጠባብ ነው። ይህ ወንድም ሲያስቀድስ ከሱ ሦስት ረድፍ ኋላ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያስቀድሳል። 14 ወር! አንድ ጣራ ሥር! ከዐውደ ምሕረቱ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለ ምንጣፍ ተነግሯል፣ ስለ ሽርሽር ተነግሯል፣ መኪና አጉል ቦታ ስለሚያቆሙ ሰዎች በየሳምንቱ ተነግሯል። «አዲስ የመጣችሁ፣ አንድ ዓመት ሳይሞላችሁ ጠበቃ አነጋግሩ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን አልተነገረችም። ይህን ለመናገር አሥር ሰከንድ በቂ ነበር።

አሁን ደግሞ «ጠረጴዛው ላይ ምን ልትሠሩ ነው?» ላላችሁን። ሥራው ትንንሽ ነገር ነው፤ ሰው የሚሰናከለውም በትንንሹ ነው።

የአገር ቤት ሲቪ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ፎቶ አለው፣ ዕድሜ አለው፣ ያገባ ያላገባ አለው፣ አንዳንዱ ሃይማኖትም ይጨምራል፣ የሚኒስትሪ ውጤቱን ያሰፈረም አይቻለሁ። እዚህ አገር ሪዙሜ ላይ እነዚህ አይጻፉም። ቀጣሪው በዕድሜ፣ በሃይማኖት፣ በትውልድ አገር እንዳያዳላ ሕግ ስላለበት እንዲህ ያለ ወረቀት ሲያይ ራሱ ይደነግጣል። ኢንተርቪው ሌላ ነው። «እስቲ ስለ ራስህ ንገረኝ» ሲባል የኛ ልጅ አንገቱን ይደፋል። ራስን ማወደስ ነውር ነው ተብሎ ነው ያደገው፤ ታላቅን ዓይን ዓይኑን ማየት ድፍረት ነው ተብሎ ነው ያደገው። ስምንት ዓመት ባንክ ቤት ሠርታ «ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ» ያለች እህት አውቃለሁ። አልቀጠሯትም። ይህችን ልጅ ለአንድ ሰዓት ከፊት ለፊቷ ተቀምጦ የሚያለማምዳት ሰው ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት።

የቀን ነገር አለ። ዲፕሎማው 2008 ይላል፤ በነሱ 2016 ነው። አንዱ ፎርም ላይ በኛ አቆጣጠር፣ ሌላው ላይ በነሱ አቆጣጠር ይሞላና አንድ ሰው ሁለት የልደት ቀን ይኖረዋል። የኛ ሰው ይስቃል፤ ፋይሉን የያዘው መኮንን ግን አይስቅም፣ «የትኛው ነው ውሸቱ?» ነው የሚለው። ካሌንደር የሚያውቅ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ይህን በአምስት ደቂቃ ያቃናዋል።

ትርጉምም እንደዚሁ። የልደት ምስክር ወረቀት ለኢሚግሬሽን ለማስተርጎም ሰው ስንት እንደሚከፍል ስሰማ ይገርመኛል። ደንቡ የሚለው ሁለቱን ቋንቋ የሚችል ሰው አሟልቶና አስተካክሎ ይተርጉም፣ ችሎታ እንዳለውና ትርጉሙ የተሟላና ትክክል መሆኑን ጽፎ ይፈርም ነው። ፈቃድ ያለው ተርጓሚ ይሁን አይልም። በየደብራችን ግዕዝና አማርኛ አቀላጥፈው፣ እንግሊዝኛውንም በዩኒቨርሲቲ የተማሩ ስንት ልጆች አሉን!

አድራሻውን ደግሞ ብዙ ሰው ይንቀዋል። አዲስ የመጣ ሰው አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ሁለት ወር ጓደኛ ጋ፣ ሦስት ወር ዘመድ ጋ፣ ከዚያ ቤዝመንት። ቤት በቀየረ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከሆነ ደግሞ ለፍርድ ቤቱ ለብቻ፣ በ5 ቀን ውስጥ። ለአንዱ መንገር ለሌላው መንገር አይደለም። ፖስታ ቤት አድራሻ መቀየርም አይበቃም። ይህን ሳያውቅ የቀጠሮው ደብዳቤ አሮጌው ቤት ይደርሳል፤ ቀኑ ያልፋል፤ ዳኛው በሌለበት ከአገር እንዲወጣ ሊወስንበት ይችላል። ሥራ ስለለቀቀ አይደለም፣ ስለሰረቀ አይደለም፤ አንድ ፎርም የሚነግረው ሰው ስላጣ ነው።

ሌላው ክርክር «ሕግ ያስነካናል» የሚለው ነው። ይሄኛውን አከብረዋለሁ፤ ግማሹ ትክክል ስለሆነ። ጥገኝነት ጠይቅ አትጠይቅ፣ የትኛውን ፎርም አስገባ፣ ታሪክህን እንዲህ ብለህ ጻፍ ማለት የሕግ ምክር ነው። ይህን መስጠት የሚችለው ጠበቃ ወይም የፍትሕ ሚኒስቴሩ እውቅና የሰጠው ተወካይ ብቻ ነው። እኛ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ መልሱ አንድ ነው፦ «ይህን እኛ አንመልስም፣ የነፃ ሕግ አገልግሎት ስልክ ይኸው፣ እኛው እንደውልልህ።» በጎ ፈቃደኛ ነኝ ብሎ ከዚህ መስመር የሚያልፍ ሰው ካለ ቸር ልብ ስላለው አይታለፍም፤ ከጠረጴዛው ይነሣል። ቸር ልብ የያዘ መሐይም ምክር ከፓርኪንጉ ሰውዬ እኩል ያጠፋል። ሆኖም «ሕግ አይፈቅድም» ብላችሁ የምትዘጉት ሌላው ግማሽ ስሕተት ነው። ሕጉማ በር ከፍቷል። ለትርፍ ያልቆመ የሃይማኖት ድርጅት ራሱ ለእውቅና ማመልከት ይችላል፤ ጠበቃ ያልሆነ ሠራተኛውም በጎ ፈቃደኛውም ሠልጥኖ እውቅና ያለው ተወካይ መሆን ይችላል። የሌሎች ቤተ እምነቶች የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ይህን ሲሠሩ ስንት ዓመታቸው ነው። የኛም ሰው ወረፋ ይዞ የሚገባው እነሱ ጋ ነው፣ በአስተርጓሚ።

«እኛ ብቻችንን ነው የወጣነው» ለምትሉ ታላላቆቼ በአክብሮት አንድ ጥያቄ፦ የመጀመሪያዋን ሌሊት ማን ሶፋ ላይ ነው የተኛችሁት?

ሐሜቱንስ? እውነት ነው፤ ሰው ጉዳዩን ከሀበሻ የሚደብቀው በምክንያት ነው። ዛሬ የነገርከው እሑድ አዳራሹ ውስጥ ይጠብቅሃል። ለዚህ ነው በር ያላት ክፍል የጠየቅነው። ስም አንመዘግብም፣ የማንንም ወረቀት ፎቶ አናነሳም፣ ወረቀት አለህ ወይ ብለን አንጠይቅም፣ ከየት ብሔር፣ ከየትኛው ፖለቲካ ብለን አንጠይቅም። ሲኖዶሱ ራሱ በ2018 እዚሁ ዲሲ ታርቋል፤ እኛ ሪዙሜ ለመጻፍ የምንለያይበት ምን ምክንያት አለ?

በነገራችን ላይ፣ መዝሙር ማጥናት አገልግሎት ነው፤ ወጥ መሥራት አገልግሎት ነው፤ መኪና ማስቆም እንኳ ቢጫ ሰደርያ ተሰጥቶት አገልግሎት ተብሏል። እነዚህን የሚሠሩትን እግዚአብሔር ይስጣቸው። የነርሷ እህታችን እሑድ አንድ ሰዓት ተቀምጣ ለነርስ ረዳትነት እንዴት እንደሚመዘገቡ ለሦስት ልጆች ማስረዳቷ ግን እስከ ዛሬ ስም አላገኘም፤ ደረጃ ላይ ቆማ ነው የምታስረዳው።

ሰበካ ጉባኤው ጉዳዩን ለሚቀጥለው ስብሰባ አስተላልፌዋለሁ ብሏል። እንጠብቃለን፤ አንጣላም። የደብሩ አባል የሆናችሁ ግን ስብሰባው ላይ ተገኙ፣ እጃችሁን አውጡ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝልን በሉ። እስከዚያው ቅዳሜ ቅዳሜ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱን የጥናት ክፍል ይዘናል፣ ከጠዋቱ 10 ሰዓት፣ በአሜሪካ። (በሀበሻ ሰዓት እንዳትመጡብኝ፤ ክፍሉን በ12 ያስለቅቁናል።) እስካሁን አምስት ነን፦ አንዲት ነርስ፣ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ሁለት የኮምፒውተር ልጆችና እኔ። ሰው ሲቀጥር የኖረ፣ ማለትም ጋራዥም ይሁን ሆቴል፣ ሱፐርቫይዘር የሆነ ሰው በጣም እንፈልጋለን። ትግርኛና ኦሮምኛ የሚችልም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የፕሪንተሩ ጥቁር ቀለም አልቋል፤ የሚያመጣ ካለ ቁጥሩን እልክለታለሁ።