ጡሩምባ ሳይነፋ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዳባት እስከ ደባርቅ፥ ከዚያም አልፎ በስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት መንደሮች፥ ዕድርና ማኅበር የማያውቅ ሰው የለም። ዳሩ ግን ብዙ ሰው ደንቡን የሚጠይቀው ኀዘን ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። በዚያን ቀን ደግሞ ክርክር ያሳፍራል፤ ዝም ማለትም ይጎዳል። ስለዚህ በገበያው፥ በጠላ ቤቱና በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ዘወትር የሚነሡትን ጥያቄዎች ዛሬ በደኅናው ቀን ከነመልሳቸው እናቀርባለን።

ማኅበር፥ ሰንበቴ፥ ዕቁብና ዕድር ሥራቸው አንድ አይደለምን?

አይደለም። ማኅበር በመልአክ፥ በጻድቅ ወይም በሰማዕት ስም የሚጠጣ ነው። የሚካኤል ከሆነ በ12፥ የገብርኤል ከሆነ በ19፥ የጊዮርጊስ ከሆነ በ23 ተረኛው ዳቦውን ጋግሮ፥ ጠላውን ጠምቆ ማኅበርተኛውን ይጠራል። ካህኑ ከባረኩ በኋላ በሙሴው አስተናባሪነት ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ይተላለፋል። ሰንበቴም መንፈሳዊ ነው፤ ነገር ግን የሚበላውና የሚጠጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ነው። ዕቁብ የገንዘብ ነው፤ ሁሉም እኩል ያዋጣና ዕጣ የወጣለት ጠቅላላውን ይወስዳል። ዕድር ግን የቆመው ለሞትና ለኀዘን ነው። ድንኳኑን፥ አግዳሚ ወንበሩን፥ ድስቱንና ብርጭቆውን ያኖራል፤ መቃብር ያስቆፍራል፤ ለቀስተኛ ያስተናግዳል። «የሚካኤል ማኅበር ስላለኝ ዕድር አያሻኝም» የሚል ሰው ደኅና ወዳጆች አሉት፤ ድንኳን ግን የለውም።

የዕድር ደንብ ከአባቶች የወረደ ስለ ሆነ አይለወጥም ይባላል፤ እውነት ነውን?

መረዳዳቱ ከአባቶች የወረደ ነው። መዝገብ፥ ወርኃዊ መዋጮና የተጻፈ ደንብ ያለው የከተማ ዕድር ግን በ20ኛው መቶ ዓመት የተስፋፋ ነው። ደንቡን አባላት በጉባኤ አወጡት፤ አባላት በጉባኤ ሊያሻሽሉት ይችላሉ።

መዋጮዬን በየወሩ እከፍላለሁ፤ ቀብር መሄድም ግዴታ ነውን?

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ቅሬታ የሚያመጣው ይህ ነው። የመንግሥት ሠራተኛውና ነጋዴው ገንዘብ ከከፈሉ ዕዳቸውን የጨረሱ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ያስቡ፤ ብር መቃብር አይቆፍርም። በደጋው ብርድ ድንጋያማውን መሬት የሚምሰው ሰው ነው። ሬሳውን በትከሻው እየተቀባበለ ዳገት የሚያወጣው ሰው ነው። በክረምት መኪና በማይደርስበት ሸንተረር የታመመውን፥ ምጥ የጸናባትንም በወሳንሳ አድርጎ እስከ መኪና መንገድ የሚያወርደው ያው ጎረቤት ነው። ለዚህ ነው አብዛኛው ደንብ ለቀረ ሰው ቅጣት የሚያኖረው። ቅጣቱን ከፍሎ መቅረት እንደ መብት የሚቆጥር ሰው፥ የራሱ ቀን ሲደርስ ሁሉም እንደ እርሱ ቅጣቱን ከፍሎ ቢቀር ማን ሊሸከምለት ነው? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ሃምሳው ሰው ሲመጣ ነው። ሥራ የሚያስቀርዎ ከሆነ አስቀድመው ለዳኛው ያስታውቁ፤ ከቤተ ሰብዎም ሰው ይላኩ።

ከሌላ ስፍራ ለመጣ ሰው ዕድር ይፈቀድለታልን?

ይፈቀድለታል፤ ነገር ግን የመግቢያ ገንዘብ ይጠየቃል። ዕድሩ በቆየ መጠን የመግቢያው ገንዘብ ከፍ ይላል፤ ምክንያቱም አዲሱ ሰው በገባበት ቀን ሌሎች በብዙ ዓመት ያፈሩት ድንኳንና ዕቃ ተካፋይ ይሆናል። ይህ ሚዛናዊ ነው። ሆኖም ሚዛኑ የሚከብድባቸው ሰዎች አሉ። በ2008 ዓ.ም. ለስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጥበቃ ሲባል ከግጭ መንደር ከ400 በላይ ቤተ ሰቦች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። እንዲህ ያለ ሰው ቤቱን በሌላ ቤት ይተካ ይሆናል፤ የሚቀብረውን ጎረቤት ግን በካሣ ገንዘብ አይገዛም። ዕድር እንደ ዛፍ ሥሩ በሰፈር ነው፤ ሰው ሲነሣ አብሮት አይነሣም። ስለዚህ የዕድር ዳኞች ሆይ፥ የመጤውን መግቢያ በየወሩ ከፋፍሎ እንዲከፍል ብታደርጉለት ዕድሩ አይጎዳም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ቃል ለሁለቱም ወገን ነው።

ክርስቲያንና እስላም በአንድ ዕድር መሆን ይችላሉን?

ማኅበርና ሰንበቴ የቤተ ክርስቲያን ስለ ሆኑ ለክርስቲያን ናቸው። የሰፈር ዕድር ግን የጎረቤት ነው፤ በብዙ የኢትዮጵያ ከተማ ሁለቱ ወገኖች በአንድ መዝገብ ይጻፋሉ። ቀብሩ በየሃይማኖቱ ሥርዓትና በየመካነ መቃብሩ ይፈጸማል። ሥጋ ሁሉም በየእምነቱ የታረደውን ስለሚበላ፥ ለለቀስተኛው ንፍሮና ቆሎ ማቅረብ ሁሉን ያስማማል።

ባል ከተመዘገበ ሚስት አባል ናትን?

በአብዛኛው ደንብ ዕድሩ የሚያውቀው ቤተ ሰቡን ነው፤ ባል ሲሞት ሚስት በስፍራው ትተካለች። ነገር ግን ይህ በደንቡ ተጽፎ ካልተገኘ፥ ባሏን የቀበረች ሴት እንደ አዲስ ገቢ ልትቆጠር ትችላለች። ዛሬውኑ የሚስትዎ ስም በመዝገቡ መኖሩን ይመልከቱ።

አገር ብለቅ ያዋጣሁት ይመለስልኛልን?

አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ዕድር የገንዘብ ማጠራቀሚያ አይደለም። እርስዎ የከፈሉት ገንዘብ የሌላውን ሰው አባት ቀብሯል፤ ዕዳውም ምስጋናውም በዚያው ተፈጽሟል።

የጤና መድን ካለኝ ዕድር ምን ያደርግልኛል?

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ተጀምሮ ኋላ በብዙ ወረዳ ተስፋፍቷል። እርሱ የሚከፍለው ለሕክምና ነው፤ ድንኳን አይተክልም፥ አያስተዛዝንም። ሁለቱም ይኑርዎ።

እነዚህ ማኅበራት የምሥጢር ነገር አለባቸውን?

ደባርቅ ላይ «ሎጅ» ሲባል ሰው የሚያስበው ተራራ ሊያይ የመጣ እንግዳ የሚያርፍበትን ቤት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን የወንድማማች ማኅበራት ቅርንጫፍም ሎጅ ይባላል። አንዳንዶቹ የይለፍ ቃልና የእጅ ምልክት ነበራቸው፤ ይህም በሩቅ ከተማ የተቸገረ አባል እውነተኛ አባል መሆኑ እንዲታወቅ ይረዳ ነበር። በእንግሊዝ አገር መዋጮ እየሰበሰቡ ሕመምተኛን የሚረዱና ሟችን የሚቀብሩ ማኅበራት በ1793 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሕግ ታውቀዋል። የእኛ ዕድር ግን የይለፍ ቃል የለውም፤ ምልክቱ ሰፈሩ ሁሉ የሚሰማው ጡሩምባ ነው። በማኅበሩም ቀን ደጅ የቆመ ድኻ ይበላል።

ገንዘብ ያዡ ቢያጎድል አቤቱታው ወዴት ነው?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ዕድርንና ዕቁብን አይመለከትም። እንግዲህ የአባላቱ የመጀመሪያ መጠጊያ የራሳቸው ደንብና ጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ ቀጥሎ ሽማግሌ ይገባል። እምነት ማጉደል ግን ወንጀል ስለ ሆነ የፍርድ ቤት በር አልተዘጋም። ከሁሉ የሚሻለው ሒሳቡ በየጊዜው በጉባኤ ፊት እንዲነበብ መጠየቅ ነው። ሒሳብ መጠየቅ ሰውን ሌባ ማለት አይደለም፤ ታማኙን ገንዘብ ያዥ ከሐሜት ያድነዋል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ለመመዝገብ ሲሄዱ አራት ነገር ይጠይቁ። ደንቡ ተጽፎ ይነበባልን? ከተመዘገብሁ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው የምረዳው? ከቤቴ ማን ማን ይቆጠራል? የቀረ ሰውስ ምን ይደረጋል? መልሱን ካገኙ በኋላ ይፈርሙ። ከዚያም ጡሩምባው ለሌላው ሰው ሲነፋ ጋቢዎን ደርበው ይውጡ፤ የዕድርተኛነት ዋናው ክፍያ ይኸው ነው።