ጠፍጣፋ እግር በክብ ቀዳዳ

በሰርኪዩት ቦርድ ነዳፊዎች ዘንድ እንደ ቀኖና የጸና አንድ ዘልማድ አለ፤ ይኸውም የማገናኛው እግር እንደ ሽቦ ቀጭን ይሁን እንደ ላሜራ ጠፍጣፋ፣ ቀዳዳው ክብ ሆኖ ይበሳ፣ የተረፈውን ክፍተት ሶልደር ይሞላዋል የሚለው ነው። ዘልማዱ የተወለደው ከማገናኛው ባሕርይ ሳይሆን ከመሰርሰሪያው ባሕርይ ነው፤ ፑንታ በዞረ ጊዜ ከክብ በቀር ሌላ ቅርጽ አያወጣምና፣ ለመሣሪያው የቀለለው ለሥራውም የተገባ ተደርጎ ተቆጠረ፤ ሞላላ ቀዳዳ የጠየቀ ሰው ግን ኑፋቄ እንዳመጣ ይታያል።

ክቡን ቀዳዳ በጅምላ መንቀፍ ግፍ ይሆናል። ጎኑ 0.64 ሚሊሜትር የሆነው የተለመደው አራት ማዕዘን ፒን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 0.9 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ በ1 ሚሊሜትር ክብ ቀዳዳ ደኅና አድርጎ ይቆማል፤ በዚህ ላይ ሙግት የሚያነሣ ሥራ ፈት ብቻ ነው።

ነገሩ የሚበላሸው በዲሲ ፓወር ጃክ ላይ ነው። ወርዱ 2.5፣ ውፍረቱ 0.8 ሚሊሜትር የሆነ ጠፍጣፋ እግር በክብ ቀዳዳ ይግባ ከተባለ፣ ቀዳዳው እስከ 3 ሚሊሜትር መስፋት ይኖርበታል፤ ከዚህም 7 ካሬ ሚሊሜትር ያህል ቦታ እግሩ የሚሞላው 2ቱን ብቻ ስለሆነ፣ በቀሪው ባዶ የገባው ሶልደር ወይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ወይ አየር ቋጥሮ ይረጋል፣ ጃኩም ገና ሳይበየድ እየተወላገደ ዘሞ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ቻርጀሩ በተሰካና በተነቀለ ቁጥር ጫናውን የሚሸከሙት ያ ለስላሳ ሶልደርና በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ስስ የመዳብ ቀለበት ናቸው፤ በተሰነጠቁም ጊዜ ጥፋቱ በነዳፊው ሳይሆን «አያያዝ አያውቅም» በተባለው ባለ ንብረት ላይ ይለጠፋል። ይኸው እግር ርዝመቱ 3፣ ወርዱ 1.1 ሚሊሜትር በሆነ ሞላላ ቀዳዳ ቢገባ ኖሮ፣ ለሶልደሩ የሚተርፈው ባዶ ከ5 ካሬ ሚሊሜትር ወደ 1 ገደማ በወረደ ነበር።

ወጪ ይበዛል የሚለው ሰበብም ያረጀ ነው። ማሽኑ ሞላላውን የሚያወጣው ክብ ቀዳዳዎችን አደራርቦ በመብሳት ወይም የፍሬዛውን ስለት በመጎተት ነው፤ በኤክሴሎን የመሰርሰሪያ ፋይል ውስጥም «ከዚህ ነጥብ እስከዚያ ነጥብ» ብሎ የሚያዝ ጂ85 የተባለ ትእዛዝ አለ፤ ብዙ ፋብሪካዎችም እንደ ማናቸውም ሥራ ይቀበሉታል።

ከዘልማዱ ይልቅ የሚያስቆጣኝ ግን ከእርሱ የወጡ መስለው ሞላላውን ከቦርዱ ጠርዝ መስመር ጋር በአንድ የሥዕል ንጣፍ ላይ ስለው የሚልኩት ናቸው። ፋብሪካው እንዲህ ያለውን መስመር ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው መዳቡ ከተለበጠ በኋላ ስለሆነ፣ የቀዳዳው ግድግዳ ራቁቱን ይቀራል፤ ሶልደርም በራቁት ፋይበርግላስ ላይ አይዝም። ስለዚህ ሞላላው ከመሰርሰሪያው ፋይል ውስጥ ከተለባጭ ቀዳዳዎች ተርታ ይግባ፤ የሥዕሉ ፕሮግራም ይህን የማያስችል ከሆነም «በመዳብ ይለበጥ» የሚል ማስታወሻ ከለበጣ በኋላ ከሚቀረው የመጨረሻ ልክ ጋር ተጽፎ ይላክ።