የባትሪ ድንጋይ ሲቀር ጆሯችንን ማን ይጠብቀው?

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው አስፋልት ምዕራብ ዓባያ ወረዳ ሲደርስ የብርብር ከተማን ሰንጥቆ ያልፋል። ግራና ቀኙ የሙዝ ማሳ ነው። ሙዝ የጫኑ መኪኖች፣ ባጃጆችና ሞተር ብስክሌቶች ይመላለሱበታል። በዚህ ሁሉ ጩኸት መካከል የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ የሚሄድ ወጣት ማየት አዲስ ነገር አይደለም። በቆላው ስለ ጤና ሲነሳ ቀድሞ የሚወራው ስለ ወባ ነው፤ ተገቢም ነው። ዛሬ ግን ማንም ስለማይጠይቀው ስለ ጆሮ ላንሳ።

ሙዚቃ እስከ ጆሯችን ቀዳዳ ድረስ የመጣው በአንድ ጊዜ አይደለም። አምሃ እሸቴ በአውሮፓውያኑ 1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ ማጫወቻው ያለው ቤት ጥቂት ነበር። ብዙው ሰው ዘፈን የሚሰማው ከራዲዮ፣ ከቡና ቤት ወይም ከሰርግ ዳስ ነበር። ቀጥሎ ካሴት መጣ፤ ዘፈን ከከተማ ወጥቶ ገጠር ገባ። ከዚያ ሲዲ፣ ከሲዲ በኋላ ደግሞ ጥቂት ብር ተቀብለው በፍላሽና በሜሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን የሚጭኑ ሱቆች መጡ። አሁን ሱቅ መሄድም አያስፈልግም። ቴሌግራምና ዩቲዩብ ያለው ሰው ማሳው ውስጥ ቆሞ የፈለገውን ያወርዳል። በእያንዳንዱ እርምጃ ሙዚቃ እየረከሰና እየበዛ መጣ፤ በጆሮና በድምፁ መካከል ያለው ርቀትም እየጠበበ ሄዶ በመጨረሻ ጠፋ።

በካሴት ዘመን ያደጉ አንባቢዎች የባትሪ ድንጋይን ያስታውሳሉ። ድንጋይ ውድ ነበር። እሱን ለመቆጠብ ካሴቱ የሚጠነጠነው በእስክሪብቶ ነበር። ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ጥርስ የሚያሳርፍበትም ነበር። ይህም ሳይረዳ ሲቀር የዘፋኙ ድምፅ እየተጎተተ ይሄድና ቴፑ ይዘጋል። ያን ጊዜ ሁላችንም እንናደድ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ያ ድንጋይ ማንም ሐኪም ያላዘዘው የድምፅ ገደብ ነበር። በቀን ስንት ሰዓት እንደምንሰማ ይወስንልን፣ ድምፁንም ዝቅ እንድናደርግ ያስገድደን ነበር። ቴፑ የቤተሰብ ስለነበር አባት «ቀንስ!» ሲሉ ይቀነሳል። ማዳመጫ ላይ የሚጮኸውን ግን ከባለቤቱ በቀር የሚሰማው ስለሌለ ቀንስ የሚል አይኖርም። አንዳንድ ስልክ ድምፁ ሲበዛ ማስጠንቀቂያ ያሳያል፤ እሱንም ሳናነብ «እሺ» ብለን እናልፈዋለን።

የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ልክ አስቀምጧል። ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ቢደመጥ ጉዳት የለውም ተብሎ ይታሰባል፤ ለልጆች ልኩ 75 ዴሲቤል ነው። ድምፁ ከፍ ሲል ግን ጊዜው በጣም ይቀንሳል። በየ3 ዴሲቤሉ የድምፁ ኃይል እጥፍ ስለሚሆን የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቆረጣል። በ90 ዴሲቤል በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ይቀራል። በ100 ዴሲቤል ደግሞ ለሳምንቱ በሙሉ የተፈቀደው 20 ደቂቃ ያህል ነው። ድምፁን እስከ መጨረሻ የከፈተ ሰው ከብርብር ተሳፍሮ አርባ ምንጭ ሳይደርስ የሳምንቱን ድርሻ ሊጨርስ ይችላል ማለት ነው። ይኸው ድርጅት በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ ወጣቶች በዚህ ዓይነት አደማመጥ የመስማት ችሎታቸው አደጋ ላይ መሆኑን ገልጿል።

በውስጠኛው የጆሮ ክፍል ድምፅን ተቀብለው ወደ ነርቭ የሚያስተላልፉ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ፤ በእያንዳንዱ ጆሮ በሺዎች ይቆጠራሉ። ኃይለኛ ድምፅ ሲደጋገምባቸው ይደክማሉ፣ ከዚያም ይሞታሉ። የሞተው አይተካም። ቁስል ወይም ሕመም ስለሌለው ሰው አይደነግጥም። ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ነው፤ የወፍ ጩኸት፣ «ሰ»ን ከ«ሸ»፣ «ፈ»ን ከ«ተ» የሚለየው ነገር። ስለዚህ ሰውየው «እሰማለሁ፣ ግን የሚሉት አይገባኝም» ይላል። ተማሪ ከሆነ ደግሞ ቸልተኛ ነው ይባላል።

በእኔ እምነት ችግሩ ከሙዚቃው ይልቅ ከሥሩ ያለው ጩኸት ነው። ቤቱ ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው ድምፁን እስከ መጨረሻ አይከፍትም፤ አያስፈልገውም። የሚከፍተው የባጃጁን ሞተርና የመኪናውን ጥሩምባ ለማሸነፍ ነው። ያን ጊዜ ጆሮ ሁለቱንም ይሸከማል። «ድምፅ ቀንሱ» የሚለው ምክር ብቻውን የማይሠራውም ለዚህ ነው፤ ቢቀነስ ዘፈኑ አይሰማምና። መንገድ ላይና ተሽከርካሪ ውስጥ ማዳመጫውን ማውለቅ፣ ዘፈኑን ጸጥ ላለ ሰዓት ማቆየት ይሻላል። ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ሰውማ ሁለት ጆሮውን ደፍኖ ሲሄድ ከመስማት ችሎታው በፊት ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

የጋሞ ሕዝብ ጉዳዩን በዱቡሻ ተሰብስቦ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው እያዳመጠ የሚፈታ ሕዝብ ነው። በደጋው የዶርዜ ዘፈንም የተለያዩ ድምፆች በአንድ ጊዜ እየተጠላለፉ ስለሚሄዱ፣ ዘፋኙ የጎኑን ሰው ካልሰማ የራሱን መግቢያ አያገኝም። ጆሮው በ30 ዓመቱ የደከመ ወጣት ከዚህ ሁሉ ይርቃል፤ ሰው ሲሰበሰብ ዳር ይዞ መቀመጥ ይጀምራል።

በማዳመጫ የሚሰማ ሰው ድምፁን ከ60 በመቶ ባያሳልፍ፣ በየሰዓቱም ጆሮውን ቢያሳርፍ መልካም ነው። አንድ ክንድ ርቆ የቆመ ሰው የሚናገረው ካልተሰማው በዝቷል ማለት ነው። ማዳመጫ መዋዋስም የጆሮ ኢንፌክሽን ሊያስተላልፍ ስለሚችል ቢቀር ይመረጣል። ደጃፋቸው ላይ ትልቅ ድምፅ ማጉያ አቁመው ቀኑን ሙሉ የሚያስጮኹ ነጋዴዎች ጉዳይ ግን በምክር አያልቅም። አላፊ አግዳሚው በደቂቃ ያልፈዋል፤ የሱቁ ሠራተኛ ግን ስምንትና አሥር ሰዓት እዚያው ነው፣ ይህንንም መርጦ አልገባበትም። የከተማ አስተዳደሮች የመጸዳጃ ቤትና የምግብ ቤት ንጽሕናን እንደሚቆጣጠሩ ሁሉ ይህንንም ቢቆጣጠሩት የሚበዛባቸው አይመስለኝም።

ከሰርግ ወይም ከጭፈራ በኋላ ጆሮ ሲጮህ ብዙ ሰው «ያልፋል» ይላል። ብዙ ጊዜም ያልፋል፤ ነገር ግን ጆሮው ከአቅሙ በላይ እንደተሸከመ የሚናገርበት ምልክት ነው። ጩኸቱ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። በክብሪት እንጨት መቆርቆር፣ ዘይት መጨመር ወይም ከመድኃኒት ቤት ጠብታ ገዝቶ መሞከር በድምፅ የተጎዳውን ሕዋስ አይመልስም፤ የጆሮ ታምቡርንም ሊጎዳ ይችላል። አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ ደግሞ ሳምንት መጠበቅ አይገባም። ሕክምናው የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሆነ በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል።