ወልድያ ላይ የተለየው ጥንታዊ የቲቢ ዘር

በሀብሩ ወረዳ አንድ አርሶ አደር አንገቱ ሥር ንፍፊት ወጥቶበት "ቲቢ ነው" ቢባል፣ ጥርጣሬው ቀድሞ የሚያርፈው ላሟ ላይ ነው። ያልተፈላ ወተት የከብት ቲቢን ወደ ሰው እንደሚያሻግር ሲነገር ኖሯልና።

እ.ኤ.አ በ2013 ይፋ የኾነ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳይቷል። ወልድያን ጨምሮ ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የተሰበሰቡ 964 የሳንባና የንፍፊት ቲቢ ናሙናዎች በዘረመል ሲመረመሩ የከብቱ ተህዋሲ ድርሻ እጅግ አነስተኛ ኾኖ ተገኝቷል። የንፍፊቱም የሳንባውም መንስኤ በአመዛኙ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ነው። በርግጥ ወተት ማፍላት አይቅር፤ ከብት የሚያስተላልፈው ቲቢን ብቻ አይደለም።

ከዚሁ ጥናት ሌላም ግኝት ወጥቷል። በወልድያ አካባቢ ናሙናዎች ጎልቶ የታየ አንድ ተህዋሲ፣ እስከዚያ ከታወቁት ስድስት ዋና የቲቢ የዘር ሐረጎች ከአንዱም አልገጠመም። ሰባተኛው ተባለ። እ.ኤ.አ በ2016 ደግሞ ተመራማሪዎች "ኤቲዮፕስ ቬተስ"፣ ማለትም ጥንታዊው ኢትዮጵያዊ፣ የሚል ስያሜ አቀረቡለት።

እስከዚያ ለምን ተሰወረ? በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቲቢ ኹሉ ያው ቀይ ዘንግ ነው። በማሳደጊያ ላይ ለማብቀል ሳምንታት ይፈጃል፤ ይኽኛው ዘር ደግሞ ይበልጥ ዘገምተኛ ነው። ጂን ኤክስፐርት በኹለት ሰዓት ገደማ ቲቢ መኖሩንና ሪፋምፒሲንን መላመዱን ይናገራል፤ ዘሩን ግን አይለይም። 4 ነጥብ 4 ሚሊዮን ገደማ ፊደላት ያሉትን የተህዋሲውን ዲኤንኤ ማንበብ ነው ዘሩን ከነሐረጉ የሚያወጣው።

ለታማሚው ምን ይፈይዳል? መድኃኒቱን ያልተላመደ ከኾነ ሕክምናው ያው የስድስት ወሩ ነው። ቁም ነገሩ ሌላ ቦታ ነው። በአማራ ክልል የተደረገና እ.ኤ.አ በ2015 የወጣ ጥናት፣ ይኽ ዘር ያለባቸው ሰዎች ወደ ሕክምና ዘግይተው እንደሚመጡ አመላክቷል። የዘገየ ሰው ደግሞ በቤቱ እየሳለ ይቆያል። እናም መርሳ ላይ ኾኖ የቲቢን ስፋት በመጡት ታማሚዎች ብቻ መቁጠር ያሳስታል፤ ሳሉን "ብርድ ነው" ብሎ ቤቱ የተቀመጠውን ፈልጎ ማግኘት ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2024 መድኃኒት የተላመደ ቲቢን በዲኤንኤ ንባብ መለየትን በመመሪያው አካትቷል። በአንድ ንባብ የበርካታ መድኃኒቶችን መላመድ ማወቅ ይቻላል። ንባቡ ግን የሚጀምረው ከአክታ ዕቃው ነው፤ ዕቃውም ከሀብሩ ቀበሌዎች ተነሥቶ ሳይበላሽ ቤተ ሙከራ መድረስ፣ ውጤቱም ተመልሶ ታማሚውን ማግኘት አለበት።