ዌብሳይቱ በማን አፍ ይናገር?

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ ያሉ መሥሪያ ቤቶችና ኮሌጆች ዌብሳይታቸውን እናድስ ሲሉ መጀመሪያ የሚያነሡት ቀለሙንና ፎቶውን ነው። ይህ ሙግት ግን ስለ አደራደሩ ነው፦ ገጾቹ በጠያቂው ጉዳይ ይደርደሩ ወይስ በመሥሪያ ቤቱ መዋቅር? የመጀመሪያዋ ተሟጋች ነቀምቴ ተወልዳ ያደገች የድረ ገጽ ነዳፊ ናት። ሁለተኛው በአንድ የወለጋ ተቋም መዝገብ ቤት ረጅም ዘመን ሠርተው በጡረታ የተገለሉ ናቸው።

ነዳፊዋ፦ ከጠያቂው አፍ ጀምሩ

አንድ ተቋም፣ ስሙ ይቆየንና፣ ዌብሳይቱን እንዳድስለት ጠርቶኝ ነበር። መነሻ ይሆንሻል ብለው የሰጡኝ የመዋቅር ሰንጠረዥ ነው፤ ከላይ ቦርዱ፣ ከሥሩ ፕሬዚዳንቱ፣ ከሥራቸው ምክትሎቹ፣ እያለ እስከ ቡድን መሪ ይወርዳል። «ሜኑውን በዚህ መሠረት አውርጂው» አሉኝ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ዋናው በር ላይ ካለው ጥበቃ አጠገብ ሁለት ጠዋት ተቀመጥኩ። ሥራዬ የመጣው ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን በራሱ ቃል መጻፍ ብቻ ነበር።

«ኦሪጅናሌን ልወስድ ነው።» «ኮስት ሼሪንግ የት ነው የሚከፈለው?» «ወንድሜ ዘንድሮ እዚህ ተመድቧል፣ ምን ይዞ ይምጣ?» «ስሜ በአንድ ፊደል ተሳስቷል፣ ማን ነው የሚያርምልኝ?» አንዲት እናት ደግሞ ምንም ሳይናገሩ ስልካቸውን ለጥበቃው ዘረጉለት፤ ልጃቸው በቴሌግራም የላከላቸው የደበዘዘ ስክሪንሾት ነበር። በሁለቱም ጠዋት «የአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት ወዴት ነው?» ያለ አንድም ሰው አልገጠመኝም። በተሰጠኝ ሰንጠረዥ ላይ ግን ከፕሬዚዳንቱ ቀጥሎ የተቀመጠው ይኸው ጽሕፈት ቤት ነው።

የኦሪጅናል ዲግሪውን ነገር እንውሰድ። ተመራቂው የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ወረቀቱን። መሥሪያ ቤቶቹ ግን ጉዳዩን ተከፋፍለውታል። ወጪ መጋራቱን ከፍሎ ስለመጨረሱ ማስረጃው ከአንድ ወገን ይመጣል፣ ክሊራንሱ ከቤተ መጻሕፍቱና ከሌሎች ክፍሎች፣ ዲግሪው ራሱ ከሬጅስትራር። በመዋቅር የተደረደረ ዌብሳይት ላይ እነዚህ በየቅርንጫፋቸው ይተኛሉ፤ አገናኝቶ ማንበቡ የልጁ ዕዳ ነው። እኔ የምለው «ዲግሪዬን ለመውሰድ» የሚል አንድ ገጽ ይኑር ነው፤ መጀመሪያ ምን፣ ቀጥሎ ምን፣ ምን ወረቀት፣ ስንት ብር፣ በየትኛው ቀን።

ከበሩ የሰበሰብኩትን በ40 ቁራጭ ወረቀት ጻፍኩና ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። የድረ ገጽ አጠቃቀም አጥኚው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2004 እንዲህ ላለው የካርድ ድርደራ 15 ሰው ይበቃል ብሎ ጽፏል፤ እኔም ከ15 አላለፍኩም። «የሚመሳሰለውን አንድ ላይ አድርጉ፣ ለክምሩም ስም አውጡለት» ነው ትእዛዙ። የወጡት ስሞች «ክፍያ»፣ «ወረቀት»፣ «ፈተና»፣ «ዶርም» ነበሩ። በኦሮምኛ የደረደሩት ደግሞ ሁለተኛውን ክምር «ወረቃ ራጋ»፣ የማስረጃ ወረቀት፣ አሉት። አንዲት ከጊምቢ በኩል የመጣች ልጅ «ስም ማስተካከል» የሚለውን ካርድ አነሣችው፣ «ወረቀት» ላይ አደረገችው፣ መልሳ አነሣችው። ብዙ ከቆየች በኋላ ብቻውን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። ለምን ስላት፣ «ፋይዳ መታወቂያዬ ላይ ያለው ስሜና ትራንስክሪፕቴ ላይ ያለው አይገጥምም። ይሄ የማን እንደሆነ እኔም አላውቅም» አለችኝ። ከአርባው ካርድ እኔ ብዙ የተማርኩት ከዚያ ከአንዱ ነው።

ፊደሉም ሌላ ጣጣ ነው። ከተማችን ነቀምት ትባላለች፣ ነቀምቴ ትባላለች፣ ድሮ ለቀምት ተብላ ተጽፋለች፤ ቡናዋም በዓለም ገበያ እስከ ዛሬ «ለቀምፕቲ» ነው። ወለጋ በቁቤ አንድ ዓይነት ተጽፎ በእንግሊዝኛ ሦስት አራት ዓይነት ይሆናል። በአማርኛ «ሥራ» ብሎ የፈለገ ሰው «ስራ» ተብሎ የወጣውን የቅጥር ማስታወቂያ አያገኝም፣ የመፈለጊያ ሳጥኑ ሠን ከሰ፣ ሐን ከሀ፣ ዐን ከአ እንዳይለይ አስቀድሞ ካልተነገረው። ይህን የሚያስብ የመዋቅር ሰንጠረዥ አይቼ አላውቅም።

ነገሩ ከውጭ የመጣ ፋሽን የሚመስለው ሰው መርካቶን ያስብ። ምናለሽ ተራ ስሙን ያወጣለት ጥያቄው ነው፣ «ምን አለሽ?»። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ዋጋ በስልክ ማሰማት ሲጀምር፣ 929 የሚደውለውን ገበሬ በቋንቋውና በሰብሉ ነው ያስተናገደው፤ የየትኛው ዳይሬክቶሬት ጉዳይ እንደሆነ አላስመረጠውም። ነቀምቴ ደግሞ ከዚህም የቀረበ ምሳሌ አላት። ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያዘጋጅ፣ አስቴር ገኖ የሕዝቡን ቃላት፣ ተረትና እንቆቅልሽ እየሰበሰበች ትጽፍ ነበር። መጀመሪያ የሰውን አፍ አዳመጡ። እንግሊዞች በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2012 ሁለት ትልልቅ የመንግሥት ድረ ገጾችን አጥፈው በዜጋው ጉዳይ የተደረደረ አንድ አደረጉ፤ ሚኒስቴሮቹም አንድ በአንድ ተከተሉ።

የመዝገብ ቤቱ ሰው፦ በሩ ላይ የተጻፈውን ጻፊ

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ከጥበቃው አጠገብ መቀመጥሽን ወድጄዋለሁ። የጻፍሽው ግን ግማሹን ነው። ጠያቂው ያለውን ጻፍሽ፣ ጥበቃው የመለሰውን ተውሽው። ጥበቃው ምን አለ? «ሬጅስትራር ነው፤ ቀጥ ብለህ ሂድ፣ ባንዲራው ጋ ስትደርስ በግራ፣ መስኮት ሦስት።» ሰውዬው ከበሩ ሲያልፍ ይዞ የገባው ያንን ስም ነው። ባንዲራው ጋ ሲደርስ መንገድ ቢጠፋበት የሚያየው «ሬጅስትራር» የሚል ታፔላ እንጂ «ዲግሪዬን ለመውሰድ» የሚል አይደለም።

ወለጋ ውስጥ ዌብሳይት ብቻውን ጉዳይ አይጨርስም። ከጊምቢ ነቀምቴ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደምቢ ዶሎ የሚመጣው ገና ጊምቢን አልፎ ነው። ያ ሰው ዌብሳይቱን ያየው ለመሳፈር ሲዘጋጅ ነው፤ ከመነኻሪያው ሲወርድ በእጁ የሚይዘው የቢሮ ስምና ቁጥር ነው። በገጹ ላይ ያነበበው ስምና በሩ ላይ የተለጠፈው ካልተመሳሰሉ ገጹ ቢያምርም ምን ሊያደርግለት?

2012 ዓ.ም.ን ደግሞ አንርሳ። ከታኅሣሥ ማብቂያ ጀምሮ እስከ መጋቢት ማብቂያ፣ ሦስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ፣ በምዕራብ ኦሮሚያ፣ ወለጋን ጨምሮ፣ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ኮሮና አገር የገባውም በዚያው መሐል ነው። ያን ጊዜ ሰውን ያገለገለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ብቻ ነበር፣ ሰሌዳው ደግሞ በየቢሮው ደጃፍ ነው የቆመው። የመዋቅር ሰንጠረዥን መናቅ ቀላል ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ የሚቀረው ግን እሱ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልግባ። ያንቺ «ዲግሪዬን ለመውሰድ» ገጽ የማን ነው? ክፍያው ቢለወጥ ማን ያስተካክለዋል? ሬጅስትራሩ «የፋይናንስ ነው» ይላል፣ ፋይናንስ «ዌብሳይቱ የአይሲቲ ነው» ይላል፣ አይሲቲ «ደብዳቤ አልደረሰንም» ይላል። እኔ ከእነዚህ ሦስት አረፍተ ነገሮች ጋር ኖሬያለሁ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም። በመዋቅር የተደረደረ ገጽ አስቀያሚ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሲሳሳት የማንን በር እንደማንኳኳ አውቃለሁ። ቢሮዎቹን ከሜኑው ስታወጫቸው ተጠያቂውንም አብረሽ እንዳታወጪው እፈራለሁ። ብዙ ሹም ደግሞ እንዲህ ያለውን መደበቂያ አይጠላም!

የእንግሊዞቹን ነገር አንሥተሻል። እነሱ ከዚያ ዌብሳይት ኋላ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት አቋቁመው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2011። እኛ ጋ ከዌብሳይቱ ኋላ ያለው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ልጅ ነው፤ ፕሪንተርም የሚጠግነው እሱ ነው። የካርዱ ድርደራ በአንድ ሳምንት ያልቃል፣ የአንድ ልጅ ጉልበት ግን ዓመቱን ሙሉ ነው የሚፈለገው።

አንድ ነገር ልጨምር። ተማሪው በሜኑ በኩል የሚገባ ይመስልሻል? የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ያየሽው ነው፤ ልጆቹ በ6284 አጭር መልእክት ይልካሉ ወይም ቴሌግራም ላይ ቦቱን ይጠይቃሉ። ወደ ዌብሳይት የሚመጣውም ሊንክ ተልኮለት በመስኮት ዘሎ ገጹ መሐል ይወድቃል። ዋናውን በር ስታሳምሪ እንግዳው በሌላ በኩል ገብቷል። የወደቀበት ገጽ «እኔ የእገሌ ቢሮ ነኝ» ቢለው ይሻለዋል።

ነዳፊዋ ትመልሳለች

ጋሼ፣ የጥበቃውን መልስ አለመጻፌ እውነት ነው፤ ተይዣለሁ። ቢሆንም ጥበቃው የሚሠራውን ያስተውሉ፤ የሰውን ጉዳይ ተቀብሎ ወደ ቢሮ ስም ይተረጉማል። ገጹ እንዲሠራ የምፈልገው ይህንኑ ነው። እርስዎ ግን ጠያቂው በሩ ላይ ሲደርስ ትርጉሙን ራሱ ጨርሶ እንዲመጣ ነው የሚፈልጉት።

ንግግርዎ የቢሮ ስም የሚጸና ያስመስላል፤ ይህ አልተዋጠልኝም። በቅርብ ዓመታት በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ዳይሬክቶሬት የነበረው «ሥራ አስፈጻሚ» ተብሏል፣ ዩኒቨርሲቲዎችም ገብተውበታል። በመዋቅር የተደረደረ ዌብሳይት ያን ጊዜ ከነሊንኩ ይፈርሳል፣ በየቴሌግራሙ የተበተነው አድራሻ ሁሉ ባዶ ገጽ ይከፍታል። ዲግሪውን የሚፈልገው ልጅ ግን አልተለወጠም፤ በ1999 ዓ.ም. የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈትም፣ ዛሬም ጥያቄው ያው ነው።

ስለ 2012 ዓ.ም. መቋረጥ ያሉትን ለራሴ ወስጄዋለሁ። ስለዚህ እያንዳንዱ የጉዳይ ገጽ በአንድ ወረቀት እንዲታተም አድርጌ ልንደፈው፤ ሰሌዳው ላይም ይለጠፍ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ። የአሥር ቢሮ ማስታወቂያ ሰብስቦ ከማንበብ ያ አንድ ወረቀት ይበልጣል። በመስኮት ዘሎ ለሚገባውም ቢሆን የሚጠቅመው የቆመበትን ገጽ ማወቁ ብቻ አይደለም፤ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ገጹ ላይ ማግኘቱ ነው።

እኚያ ስክሪንሾት የዘረጉት እናት ግን ከአእምሮዬ አልወጡም። ሜኑ አያነቡም፣ በምንም ቋንቋ። የሚያነብላቸው ልጃቸው ነው፣ እሱም ሌላ ከተማ ሆኖ። ለእርሳቸው የትኛው አደራደር እንደሚበጅ እርስዎም እኔም ገና አልመለስንም።

የመዝገብ ቤቱ ሰው፣ በመጨረሻ

ለእርሳቸው የሚበጃቸው ስልክ የሚያነሣ ሰው ነው። እሱን በሜኑ አንሟገትበት።

ገጹን እንደምትዪው ሥሪው፣ እሺ። ከግርጌው ግን ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ኃላፊነቱ የየትኛው ቢሮ እንደሆነ በበሩ ላይ በተለጠፈው ስም፣ የሚነሣ ስልክ ቁጥር፣ ገጹን ሰው ለመጨረሻ ጊዜ አይቶ ያረጋገጠበት ቀን። ቀኑ ስድስት ወር ካለፈው ገጹ ራሱን ይዝጋ። ከ15ቱ ካርድ ደርዳሪዎችም አንዱ ጥበቃው ይሁን፤ ምሳ ሰዓት ላይ የሚቀይረውም ይጨመር፣ እሱ የትኛው መስኮት እንደሆነ አያውቅም።

ራሱን ይዝጋ ስል እንደማትስማሚ አውቃለሁ፤ ከዚህ በፊትም ነግረሽኛል። ባዶ ገጽ ያየ ሰው ዝም ብሎ ይሳፈራል ትያለሽ። እኔ ደግሞ ያረጀ ገጽ አንብቦ የአምናውን ክፍያ ቋጥሮ የሚሳፈረውን ነው ያየሁት፤ መስኮቱ ጋ ቆሞ ኪሱን ሲዳብስ። ባዶ ገጽ ያየው ቢያንስ ከመሳፈሩ በፊት ይደውላል።