ስድስትና ስድስት እኩል ነውን?

አሜሪካኖች ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን ጨዋታ እግር ኳስ ይሉታል፤ ስሙን ለነርሱ እንተውላቸው።

በአላባማ ዩኒቨርሲቲ ቤር ብራያንት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1958 እስከ 1982፥ ኒክ ሴባንም ከ2007 እስከ 2023 ሲያሠለጥኑ እያንዳንዳቸው 6 ጊዜ የአገር ሻምፒዮና አስገኝተዋል። የዓመቱን ቁጥር አስተያይቶ የሚፈርድ ሰው ሴባንን ይመርጣል። እኔም እመርጣለሁ፤ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው።

የብራያንት ቡድን የ1961ን፥ የ1964ንና የ1965ን ድል ሲያገኝ አንድም ጥቁር ተጫዋች አላሰለፈም። በ1970 የደቡብ ካሊፎርኒያ ቡድን ጥቁር ተጫዋቾቹን ይዞ በርሚንግሃም ድረስ መጥቶ 42 ለ21 ረታው፤ ጆን ሚቸል ለአላባማ የተሰለፈው በ1971 ነው። ብዙ ጎበዝ ወጣት ከአጥር ውጭ ቆሞ ሳለ የተገኘ ዋንጫ፥ በሩ ተከፍቶ ከተገኘው ጋር በምን ሚዛን ይተካከላል? ብራያንት በ1973፥ በ1978ና በ1979 ያገኛቸው ሦስቱ ግን ከዚህ ነቀፌታ ነጻ ናቸው።